ዝናብና ግማሽ ቀን፡ ትንንሽ ልጆችን በቤት ስለማስተማር

በአገራችን በፈረቃ የሚያስተምሩ ት/ቤቶች ብዙ ናቸው። የፈረቃ ተማሪ የሆነ ልጅ የቀኑን ግማሽ በክፍል፣ ግማሹን በቤት ያሳልፋል። ስለ ክፍሉ ግማሽ ቀን በትምህርት ክፍላችን ብዙ ይባላል፤ የትምህርት ዕቅድ እናወጣለን፣ የማስተማር ዘዴ እንማራለን፣ ለልምምድም እንወጣለን። ስለ ቤቱ ግማሽ ቀን ግን ብዙም አይወራም። ት/ቤት ሲዘጋ የሚቀረው ቤት ብቻ መሆኑን መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሁላችንም አይተናል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንኑ ነው፤ በተለይም ዝናብ ይዞ ልጆች ደጅ መውጣት ያልቻሉበትን ቀን።

ለምን የዝናብ ቀን? ፀሐይ ሲሆን ልጆች ሰፈር ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ማንም ሳያስተምራቸው ብዙ ይማራሉ። ዝናብ ሲመጣ ይህ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ በብዙ ቤት ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ወይ «ደብተርህን አውጣና ጻፍ!» ይባላል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአምስት ዓመት ልጅ አንዲት ፊደል ሁለት ገጽ ሙሉ ሲገለብጥ የሚደክመው እጁ ነው። ወዲያው ይሰለቻል፣ ወላጅ ይቆጣል፣ ልጁም ፊደልንና ቁጣን አንድ ላይ ያስታውሳል።

ቤት ከክፍል የሚበልጥበት

ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ እያንዳንዱን «ለምን እንዲህ አልክ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ዝናቡ ከበረታ ደግሞ ድምፁም አይሰማም። ቤት ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ሰው ለሁለት ወይም ለሦስት ልጅ ነው። ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር፣ ልጅ ብቻውን የማይችለውን ነገር የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሲያግዘው እንደሚሠራው፣ ትምህርትም ማነጣጠር ያለበት እዚያ ላይ እንደሆነ አስረድቷል። አጋዡ የግድ መምህር መሆን የለበትም። ማንበብ የማትችል እናት፣ አያት ወይም ኮሌጅ የሚማር ታላቅ ወንድም ይበቃል።

ዝናቡ ራሱ መማሪያ ነው

እስቲ ምን ሊሠራ እንደሚችል እንይ። አንደኛ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ የድልህ ጣሳ ከጣሪያ ጠብታ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ በማስመሪያ ይለኩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ ይህን ማስላት ይቻላል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ቢወርድና ሁሉም በአሸንዳ ቢሰበሰብ 200 ሊትር፣ ማለትም 10 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይሞላል።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ውኃ እኩል አድርጎ በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ መቅዳት፤ ከዚያ አንዱን ልጁ እያየ ወደ ቀጭንና ረጅም ዕቃ መገልበጥ። «አሁን የቱ ይበዛል?» ሲባል የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ረጅሙን ያሳያል። ይህን ዣን ፒያዤ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) በደንብ አጥንቶታል፤ መጠን እንደማይለወጥ ልጆች የሚረዱት በግምት ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልግም። መልሶ ራሱ ይገልብጠውና ይየው፣ ለምን እንዲህ እንዳለም ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ነጎድጓድ የሚፈራ ልጅ ካለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መቁጠር ይማር። መብረቁ ከታየበት ድምፁ እስኪሰማ ድረስ በየሦስት ሰከንዱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይታሰባል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛልና። የሚቆጠር ፍርሃት ትንሽ ይቀላል።

አራተኛ፣ የኛው የሆነው አለ። እንቆቅልሽ ማሰብን፣ ተረት ማዳመጥንና በቅደም ተከተል መናገርን፣ ገበጣ ደግሞ መቁጠርንና አስቀድሞ ማቀድን ያስተምራል። ተረቱን ካዳመጠ በኋላ ልጁ በራሱ አፍ መልሶ ይናገረው፤ የሚያነብ ልጅ መሠረቱ የሚናገር ልጅ ነው።

ጥንቃቄ

ብርድ ነው ተብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ለሕይወት ያሰጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ልጆቹ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሊመስል ይችላል። የውኃ በርሜልም መከደን አለበት።

ለትንንሾቹ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ በአንድ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ይፈቱ፣ ይጫወቱ። ቀኑን ሙሉ ማስተማር የቤት ሥራ አይደለም፤ ቤትን ትንሽ ክፍል ማድረግም አይጠቅምም።

ለማጠቃለል፣ መጽሐፍና አስጠኚ ያለው ልጅ ግማሽ ቀኑ ባዶ አይቀርም። የሌለው ልጅ ግን ከጓደኛው የሚለየው ክፍል ውስጥ ሳይሆን በዚያ ግማሽ ቀን ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ነገሮች ደግሞ ጣሳ፣ ብርጭቆና የሚያዳምጥ ሰው እንጂ ገንዘብ አይጠይቁም። ስለዚህ ለልምምድ ስንወጣ ከክፍሉ ሥራ ጎን ለጎን ወላጆችን ሰብስቦ ይህን ማሳየት ቢጨመር መልካም ነው እላለሁ። የትምህርት ክፍሉ መምህራንም ቢያስቡበት።