መምህሩ አለቃ ገብረ ሐና እና የተክሌ አቋቋም

የአለቃ ገብረ ሐና ገብረ ማርያም ስም በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚታወሰው ፈጣን መልሳቸውና ታላቅ ታናሽ ሳይል የሚነካው ቀልዳቸው በመሆኑ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት የቤተ ክርስቲያን መምህራን መካከል በትምህርቱ ላይ አዲስ ነገር ለመጨመር የደፈሩ ሊቅ መሆናቸው ከሕዝቡ ትዝታ እየራቀ ሄዷል። ጨዋታቸው እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ስማቸው ያልታወቀ የሌሎች ደብተራዎች ተረብ ሳይቀር በእርሳቸው ስም ይነገራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች በየበዓሉ ማኅሌት የሚታየውና የተክሌ አቋቋም ተብሎ የሚጠራው ሥርዓት፣ ከየትኛውም ቀልዳቸው ይልቅ ማንነታቸውን አብልጦ ያስረዳል።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙም በማይርቀው በፎገራው ናበጋ ነው። ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ መንገደኛ ደብረ ታቦርን፣ ከዚያም አልፎ የጋይንትን ደጋ የሚያገኝ ሲሆን፣ አገሩ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል የሚመጡ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች የመጨረሻ ምስክርነታቸውን የሚቀበሉባቸው ጉባኤያት የተተከሉበት ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው የሚባለውና የዓመቱን በዓላት የሚያካትተው የዜማ መጽሐፍ ማስመስከሪያ ስትሆን፣ ዙር አባ ደግሞ ከቁርባን በኋላ የሚዜመው ዝማሬና ለሙታን መታሰቢያ የሚደርሰው መዋሥዕት የሚመሰከርባት ደብር ናት። ማስመስከር የሚባለው ተማሪው ትምህርቱን በሌላ ቦታ ካደላደለ በኋላ በዋናው ጉባኤ መምህር ፊት ቀርቦ የያዘውን አሰምቶ፣ የሳተውን ታርሞ፣ በተራው ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር የሚያበቃውን ፈቃድ የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ቤተልሔምን ጎብኝቶ በክቡ ሣር ክዳን ሥር የተሸሸገውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንጻ ለውጭ አንባቢ አስተዋውቋል፤ የአገሩ ሊቃውንት ግን ቦታዋን የሚያውቋት ከሕንጻው ይልቅ በድጓዋ ነበር።

አለቃ ገብረ ሐና ያለፉበት ትምህርት ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ተነሥቶ በዜማ፣ በቅኔ፣ በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያልፍ፣ ብዙ ዓመታትን የሚፈጅ ጉዞ ነው። ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር፣ ከአገር ወደ አገር እየተሻገረ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነውን ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ በጎጆው የሚያድር በመሆኑ ነው የቆሎ ተማሪ የተባለው። እርሳቸውም ይህን ሁሉ ጨርሰው በጎንደር በዓታ አስተምረዋል፤ የደብር አስተዳዳሪ የሚጠራበትን የአለቅነት ማዕረግም ያገኙት በዚያው ነው።

ቀልዳቸውን ከትምህርታቸው ለይቶ ማየት ግን ሁለቱንም አለመረዳት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ያለውን የግእዝ ግጥም በየጊዜው አዲስ አድርጎ እየቆጠረ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ከመሆኑም በላይ፣ በላይ የሚታየው ሰም በውስጡ የተሰወረውን ወርቅ ካልያዘ ቅኔው ሙሉ አይባልም። በዚህ ልምምድ ዓመታትን ያሳለፈ አእምሮ ለቤተ መንግሥት ሹም ወይም ለመንደር ባላጋራ በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ያለው መልስ ቢሰጥ ሊያስደንቅ አይገባም። አለቃ ገብረ ሐናን ከሌሎቹ የለያቸው የግእዙን ስልት ወደ አማርኛው ጨዋታ አውርደው ያልተማረውም ሰው እንዲስቅበት ማድረጋቸው ነው።

ሆኖም የትምህርት አዲስነታቸው የታየው በአቋቋም ነው። አቋቋም ማለት በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አዋሕደው የሚያቀርቡበት የአካል እንቅስቃሴና የምት ሥርዓት ሲሆን፣ ከበሮ በሌለው ቁም ዜማ ተጀምሮ፣ መቋሚያው ከሰውነት ጋር በሚወዛወዝበት ዝማሜ በኩል አልፎ፣ ከበሮው በሚፋጠንበት መረግድና በእጅ ጭብጨባ በሚታጀበው ጽፋት ይደምቃል። ዜማው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተደራጀ የሚባለው ምልክት ስላለው፣ ማለትም ድምፁን የሚመሩ ጥቃቅን ፊደላት ከንባቡ በላይ ስለሚጻፉለት፣ የጠፋበት ሰው መጽሐፍ ገልጦ ሊያቃና ይችላል። እንቅስቃሴው ግን የሚያዘው የመምህሩን ትከሻ፣ የእጁን አነሣስና የእግሩን አረጋገጥ በማየት ነው። እንዲህ ባለው ትምህርት ላይ ለውጥ ማምጣት የመምህሩን ሰውነት መቀየር ማለት በመሆኑ፣ አንድን የመጽሐፍ ትርጓሜ ከማሻሻል ይልቅ ዓይን የሚስብና ቁጣ የሚቀሰቅስ ነው።

የጎንደሩ አቋቋም በአመዛኙ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ሲሆን፣ አለቃ ገብረ ሐና ያመጡት ስልት ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዘነብል ነው። ትውፊቱ የዚህን መነሻ ከጣና ሐይቅ ጋር ያገናኘዋል፤ ማዕበሉ ሲመላለስ፣ በዳርቻው የበቀለውም ተክል በነፋስ ሲወዛወዝ ተመልክተው ቀዱት ይባላል። በሐይቁ አጠገብ ለተወለደ ሰው ነገሩ የማይታመን አይደለም። የጎንደር ሊቃውንት ግን ከአባቶች የተቀበሉትን የሚያናጋ አድርገው ስላዩት ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ስልቱም ልጃቸው ተክሌ አጥንቶ ወደ ደብረ ታቦር እስኪያመጣው ድረስ ቦታ ሳያገኝ ቆየ። ደብረ ታቦር ስትቀበለው ሥርዓቱ ባስፋፋው በልጁ ስም ተጠራ፤ የደብረ ታቦር ኢየሱስም የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ሆነ።

በጎንደር ያልተፈቀደው በደብረ ታቦር የተፈቀደበትን ምክንያት ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ ተዘርፋ መጻሕፍቷ ተወስደዋል፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በመሐዲስቶች ተቃጥላለች። እንዲህ የተጎዳ ከተማ የተረፈውን እንዳለ ለመጠበቅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ደብረ ታቦር በአንጻሩ በራስ ጉግሣ ዘመን የተቆረቆረች፣ ነገሥታትና መሳፍንት የተፈራረቁባት፣ ከጎንደር ጋር ሲነጻጸር ገና ወጣት ከተማ ስለነበረች የራሷ የምትለውን ሥርዓት ለመያዝ ከልካይ አልነበራትም።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት የሃይማኖት ትምህርት ተሞክሮ ነበር። በኢየሩሳሌም ጳጳስ በነበሩት በሳሙኤል ጎባት አማካይነት፣ ከስዊዘርላንዱ የቅድስት ክሪሾና ተቋም የተላኩት ፕሮቴስታንት ባለእጆች ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር ለማስተማር መጥተው በጋፋት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ መድፍ ሠሪነታቸውን ስለፈለጉ፣ ጎንደር በተዘረፈችበት በ1859 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሯቸው። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ የጋፋቱ ጉባኤ ተበተነ፤ ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና እስከ ዛሬ ያለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። የጋፋቱ ትምህርት በአንድ ንጉሥ ፈቃድ የቆመ ስለነበር ከንጉሡ ጋር ወደቀ፤ የተክሌ አቋቋም ግን የተመሰከረለት ተማሪ ሁሉ በሄደበት ደብር ሌላ ጉባኤ የሚተክልበትን የቆየውን መንገድ ይዞ ስለተጓዘ፣ መኳንንቱ ሲቀያየሩ አብሮ አልተለወጠም።

ዛሬ የአቋቋም መምህራን የጎንደሩንና የተክሌውን እንደ ሁለት የታወቁ ቤቶች ይቆጥሯቸዋል። አንዱ የሌላውን ስልት መተረቡ ባይቀርም፣ ተክሌን ከሥርዓት የወጣ ነው ብሎ የሚከስ ሊቅ ግን ማግኘት ያስቸግራል። የሁለቱ ቤት ተማሪዎች በአንድ ደብር ማኅሌት ሲገናኙ አስቀድመው በማን ስልት እንደሚቆሙ ካልተስማሙ ሰልፉ ይዛነፋልና፣ በዚህ ጊዜ የሚወስነው የደብሩ መሪጌታ ነው።