አገር ስጠኝ፤ ስለ እንቆቅልሽ ጨዋታ

በማኅበር ከሚደረጉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የተሸነፈውን ሰው ከክበቡ የሚያስወጡ ናቸው። በአውሮጳ ልጆች በወንበር ዙሪያ እየዞሩ በሚጫወቱት ጨዋታ ዜማው ባቆመ ጊዜ መቀመጫ ያጣው ይወጣል፤ ተራ በተራ እየተቀነሱም በመጨረሻ አንድ ብቻ ይቀራል። በእንቆቅልሽ ግን የሚወጣው ሰው አይደለም። መልስ ያጣው አገር ይሰጥና በስፍራው ይቀመጣል።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በአዊ ዞን፣ በጥርባና መሰል በሆኑት የገጠር ቀበሌዎች፣ ገበሬ ከባዱን ሥራ ብቻውን አይወጣውም። ወንፈል ጉልበትን በጉልበት የመመለስ ሥርዐት ነው፤ ደቦ ደግሞ ባለማሳው ጠላና ምግብ አሰናድቶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው። ዛሬ የአንዱ ማሳ ቢታረም ነገ የሌላው ስለሚታረም፣ ማታ በምድጃ ዙሪያ የተፎካከሩት ሰዎች በማግሥቱ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ቤተ ዘመዱና የሥራ ባልንጀራው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸውና ከክበቡ የሚባረር ሰው ቢኖር ቅሬታው በጨዋታ አያበቃም።

ጨዋታው ይበልጡን የልጆችና የወጣቶች ነው፤ ታላላቆችም ራት ከተበላ በኋላ ይገቡበታል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ በሴት አንቀጽ የጸና ስለሆነ ወንድም ለወንድ እንዲሁ ይለዋል፤ «እንቆቅልህ» እያሉ የሚለዩም አሉ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይቀርባል። በር የሌለው ቤት ምንድን ነው ቢባል መልሱ እንቁላል ነው። ትንሽ ሆና ቤቱን ሁሉ የምትሞላ ማን ናት ቢባል መልሱ መብራት ነው፤ ነገር ግን ብልህ ልጅ «ጢስም ይሞላል» ብሎ ሊከራከር ይችላልና እንዲህ ያለው ክርክር ከጥያቄው ይልቅ የሚጣፍጥበት ጊዜ አለ። ተጠያቂው ካቃተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አገሩ ሲሰጠው በዚያ ስላገኘው ምቾትና ድግስ እየተመጻደቀ ሰጪውን ያሾፍበታል፤ መልሱንም የሚገልጠው ከዚህ በኋላ ነው። መልስ ያጣ ሰው በአንድ ምሽት ጎንደርን፣ ሸዋንና ወሎን ሊሰጥ ይችላል፤ ቢሆንም ተራው ሲደርስ ጠይቆ ሌላ አገር ከመቀበል የሚከለክለው የለም።

ቅጣቱ ገንዘብ ወይም ከብት ሳይሆን አገር መሆኑ ልብ የሚባል ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን በትውልድ የሚጠየቅ ስለ ነበረ፣ የዘር ሐረግ መቍጠርና በመሬት መሟገት የብዙ ገበሬ የዕድሜ ልክ ሥራ ነበር። አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ያጠናውን ይህን ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስረድቷል። ጥማድ የማታውል ቁራሽ መሬት ወንድማማችን ስታካስስ፣ በምድጃ ዳር ግን ልጅ አንድ ጠቅላይ ግዛት በአንድ ቃል ይለግሳል። የጨዋታው ሳቅ ከዚህ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ የርስትን ሙግት ሲያስቀር፣ «አገር ስጠኝ» መባሉ ግን አልቀረም።

ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 በጎጃም ቆይቶ፣ ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች የጻፈውን መጽሐፍ በ1935 በፓሪስ አሳትሟል። በአዊ እንቆቅልሽ የሚሰበስብ ተማሪ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። በዚያ አገር የኩሽ ወገን የሆነው አውንጊና የሴም ወገን የሆነው አማርኛ በአንድ ቤት ይነገራሉ። እንደ እንቁላሉ በምስል የቆመ ጥያቄ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል፤ በቃል ድምፅና በኅብር ላይ የቆመው ግን ሲተረጐም ይፈርሳል። ስለዚህ ከጥያቄውና ከመልሱ ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጠየቀ፣ ማን ለማን እንደ ጠየቀና የትኛው አገር እንደ ተሰጠ አብሮ መመዝገብ ይገባል።