ወደ ጋምቤላ የምትወርድ መኪናና የፍሬኗ ሸራ

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ ካፖርቱን የሚያወልቀው ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ በባሮ ወንዝ ዳር ያለችው ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ወደብ ከሆነች በኋላ፥ የደጋው ቡና ይህንኑ ቁልቁለት በበቅሎ እየወረደ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሻገር ነበር። በቅሎ ቁልቁለቱ ሲከብዳት በራሷ ፈቃድ ትቆማለች። መኪና ግን ይህ ጠባይ የላትም።

ነገሩን በሒሳብ ብናየው፥ ጭነቷን ጨምሮ 5 ቶን የምትመዝን መኪና 1500 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፥ አንድ በርሜል ይኸውም 200 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ሸክሙን ይጋራል፤ ፔዳል ብቻ እየረገጠ ከወረደ ግን ሙቀቱ በፍሬኑ ላይ ይከመራል። ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፥ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፥ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል።

በጋምቤላ ከተማ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ክሪክ ላይ የቆመች አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና አየን። የማን መሥሪያ ቤት እንደ ሆነች አንናገርም። የኋላ ግራ ጎማዋ ይንቋቋ ስለ ነበር፥ የንብረት ሹሙ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ሸራ ገዝቶ ልኳል። መካኒኩ ግን እጁን አጣጥፎ ቆመ።

«ጌታዬ፥ በአንድ እግር አዲስ ጫማ፥ በሌላው የተበሳ አድርገው ይሮጣሉ?» አለው።

ሹሙ ወጣት ነውና ተቆጣ፤ በጀት የሚባል ነገር እንዳለም አስረዳ። እኛ የመካኒኩን ነገር ደገፍን። በአንድ አክስል ላይ አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ከለገመ፥ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎተታለች፤ በዚያ ቁልቁለት ደግሞ አንደኛው ወገን ገደል ነው።

መካኒኩ ክርክሩን ትቶ ታምቡሩን ነቀለ። አቧራውን እፍ አላለም፥ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው እንጂ፤ በቀድሞ ሸራዎች ውስጥ ያለው አስቤስቶስ ሳንባን ይጎዳልና። ሸራው አልቆ የምስማሮቹ ራስ ታምቡሩን እንደ ማረሻ አርሶታል። ሹሙ በአውራ ጣቱ ትልሙን ዳሰሰው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም። ታምቡሩ ወደ ቶርኖ ቤት፥ ገንዘቡም ለቀኙ ሸራ መግዣ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰን መጣን። መካኒኩ በመጀመሪያ ግራውን ብቻ ፈትቶ ሠራ፤ የሞላዎቹ አቀማመጥ ቢጠፋው የቀኙን አይቶ ይገጥማል። ታምቡሩ ወልቆ ሳለ ፔዳል የሚነካ ሰው እንዳይኖር አንድ ልጅ በር ላይ አቆመ፤ አለዚያ ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ተፈናጥረው ዘይቱ ይፈሳል። ዘይት የነካው ሸራ ደግሞ አይይዝም። በመጨረሻም ጎማው ሲዞር ሸራው በስሱ እስኪያሽ ድረስ አጥብቆ፥ ጥቂት መልሶ አላላው።

ለሙከራ ወደ ቡሬ አቀበት አልወጡም። ባዶዋን መኪና በሜዳው በአቦቦ መንገድ ቀስ ብለው ነዷት፥ ደጋግመው አቆሟት፤ ሹሙም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር።