የማይዳሰሰው ዲስክ

መርሳ ላይ ማንጎ የምትሸጥ ነጋዴ በቴሌብር ገንዘብ ስትቀበል ሒሳቡ ስልኳ ላይ አይቀመጥም፤ ስልኩ ቢጠፋም ብሯ አለ። ሒሳቡ የሚጻፈው ርቆ በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ነው። በእንዲህ ያሉ ማዕከላት ደግሞ ሰርቨሩ «ዲስኬ» ብሎ የሚያውቀው ነገር በአብዛኛው በእጅ አይዳሰስም።

እያንዳንዳቸው 8 ቴራባይት የሚይዙ 12 ዲስኮች አሉን እንበል፤ በድምሩ 96። የሁለቱ ያህል ቦታ ለብልሽት መጠባበቂያ ሲያዝ 80 ይቀራል፤ ይህም የጋራ ቋት ይሆናል። ከቋቱ 20 ለሒሳብ መዝገብ፣ 5 ለኢሜይል ይመደባል። እያንዳንዱ ድርሻ ሎጂካል ቮሊዩም ይባላል። ሰርቨሩ «1000ኛውን ብሎክ አምጣ» ሲል የስቶሬጁ መቆጣጠሪያ ሠንጠረዥ አይቶ ብሎኩ በየትኛው ዲስክ የት ቦታ እንዳለ ያገኛል። አንዱ ቮሊዩም በ12ቱም ላይ ተበትኖ ሊሆን ይችላል።

መበተኑ ፍጥነት ይሰጣል፤ ግን ዲስክ ይበላሻል። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ብዙ ርካሽ ዲስኮች ተባብረው አንድ ውድ ዲስክን ሊተኩ እንደሚችሉ ያሳዩት ሬይድ በሚል ስም ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። ሦስት ዲስኮች 1፣ 0፣ 1 ከያዙ አራተኛው የ1ዎቹን ብዛት ተጋማሽ የሚያደርገውን ቁጥር ይይዛል፤ እዚህ 0። የመጀመሪያው ቢቃጠል የቀሩት 0፣ 1፣ 0 ናቸው። ብዛቱ ተጋማሽ እንዲሆን የጠፋው የግድ 1 ነበር። ሁለት ዲስክ አብሮ ቢሞት የሚያድነው ስሌት ከዚህ ይከብዳል፤ መንፈሱ ግን ያው ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነገር ነው። 80 ያለው ቋት ለሰርቨሮቹ 120 አለኝ ሊል ይችላል፤ ቦታው የሚሰጠው መረጃ ሲጻፍ ብቻ ነውና። የመስኖ ውኃ የሚያከፋፍል የውኃ አባት ለገበሬው ሁሉ ሙሉ ቦዩን ቃል እንደመግባት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ማሳውን ካላጠጣ ያስኬዳል። ቋቱ ከሞላ ግን ከእሱ የተመደቡት ቮሊዩሞች ሁሉ አንድ ላይ አዲስ መረጃ መጻፍ ያቅታቸዋል። ባለሙያው ዓይኑን ከቋቱ የማይነቅለው ለዚህ ነው።

ሬይድም ባክአፕ አይደለም። ሰው በስህተት ያጠፋውን መዝገብ ከ12ቱም ዲስኮች ላይ እኩል ያጠፋዋል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማሽኑ ከነዲስኮቹ ሲሄድ አራተኛው ዲስክም አብሮ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ሌላ ከተማ የተቀመጠው ቅጂ ብቻ ነው።