ኦክስፎርድ ወይስ ካምብሪጅ? ሁለቱም አይሆንም

በብሪታኒያ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት የውጭ አገር ተማሪ እንደ አገሬው ልጅ ዩካስ በተባለው የማመልከቻ ተቋም በኩል ያልፋል። አምስት ምርጫ አለው፤ ኦክስፎርድንና ካምብሪጅን በአንድ ዓመት መሞከር ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይፈቀድም።

ለሁለቱና ለአብዛኛው የሕክምና ትምህርት በሩ የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ነው፤ በለንደን ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ለሕክምና የሚያስፈልገው ዩካት ፈተና ደግሞ ከዚያ በፊት ያልቃል። ስንቱ ይህን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው!

ብዙዎች የሚሰናከሉት ራስን ማስተዋወቂያው ጽሑፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ሦስት ጥያቄ ሆኗል፤ ጠቅላላው ከ4,000 ፊደል አይበልጥም፣ ክፍተቱም ይቆጠራል። የእግር ኳስ አምበልነት እዚህ እምብዛም አያስኬድም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ኢኮኖሚክስ እወዳለሁ» ከሚለው አመልካች ይልቅ፣ መንግሥት የዳቦ ዋጋ ሲተምን ወረፋው ለምን እንደሚረዝም አንብቦ ያልተዋጠለትን ነጥብ የጻፈው ሚዛን ይደፋል።

በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ደግሞ በዲሴምበር ቃለ መጠይቅ አለ። መምህራኑ ለአመልካቹ አይቶት የማያውቀውን ግራፍ ያቀርቡለትና ጮክ ብሎ እንዲያስብ ይጠይቁታል፤ ፍንጭ ሲሰጡት ሐሳቡን እንዴት እንደሚያርም ያያሉ።

ቅበላውም ቢሆን በአብዛኛው ቅድመ ሁኔታ አለው። የካምብሪጅ ሒሳብ ክፍል ኤ ሌቭል ከተባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ውጤት በተጨማሪ በጁን የሚሰጠውን ስቴፕ የተባለ ፈተና ይጠይቃል።