የከተማችን ጥራጊ ወዴት ይሄዳል?

ስለ ከተማ አስተዳደር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው መንገድ፣ ሕንጻ፣ መብራትና ውሃ ነው። እነዚህ ሁሉ ወደ ከተማ የሚገቡ ወይም በከተማ ውስጥ ቆመው የሚታዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ለጓደኞቼ፣ ለመምህሮቼና ለወላጆቻችን ለማስረዳት የፈለግሁት ከከተማ ስለሚወጣው ነገር፣ ይኸውም ስለ ጥራጊ ነው። ርእሱ ለአንዳንድ አንባቢ የማያምር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የማዘጋጃ ቤት ብርታትና ድካም ይህን ያህል ገልጦ የሚያሳይ ሌላ ሥራ ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም መንገድ ሳይሠራ አንድ ዓመት ቢያልፍ ሰው ይታገሣል፤ ጥራጊ ሳይነሣ አንድ ሳምንት ቢያልፍ ግን የሚታገሥ የለም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጥራጊ ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። የምግቡ ትራፊ ለከብት፣ አመዱና ፍጉ ለጓሮ ይሆናል፤ የቀረውን ሌሊት ጅብ ይጠርገዋል። በዚያ ዘመን ወደ ከተማይቱ የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች ስለ ጅቡ ጽፈዋል። ጅብ ደመወዝ አይጠይቅም፤ በጀትም አያስፈልገውም። ዳሩ ግን አጥንት እንጂ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ አይበላም። የሕዝቡም ቁጥር ጅብ ከሚችለው በላይ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. ግድም በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2 ሚሊዮን 1 መቶ ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ ከተማው ዛሬ ለስንት ሰው ጥራጊ መኪና መግዛት እንዳለበት የሚያቅደው በግምት ነው።

አሁን ጥራጊው ከቤታችን ደጅ ተነሥቶ የሚጓዝበትን መንገድ እንከተለው። በየሰፈሩ በማኅበር የተደራጁ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በየቤቱ እየዞሩ በማዳበሪያ የተሞላውን ይሰበስቡና በጋሪ ገፍተው ወደ ትልቁ የብረት ገንዳ ያደርሱታል። ገንዳው ሲሞላ መኪና ያነሣዋል። የአገልግሎቱ ዋጋ ከውሃ ሂሳብ ጋር ተደምሮ ይከፈላል፤ ብዙ ወላጆች ደረሰኙን ሲቀበሉ ይህን የሚያስተውሉ አይመስለኝም። ዘዴው ብልኀት አለበት፤ ለጥራጊ ብቻ ገንዘብ ሰብሳቢ በየቤቱ ቢዞር የሚሰበስበው ለራሱ ደመወዝ ባልበቃም ነበር። ነገር ግን ውሃ ብዙ የተጠቀመ ሰው ጥራጊም ብዙ ያወጣል የሚል ግምት ውስጡ አለ። ልብሱን በቤቱ የሚያጥብ ሰፊ ቤተ ሰብና ቀኑን ሙሉ ካርቶን የሚጥል ሱቅ በዚህ ሚዛን እኩል አይመዘኑም። ሁለተኛው ነገር፣ ለሰብሳቢዎቹ ማኅበራት ለብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው ገንዳ ድረስ ባመጡት ጥራጊ መጠን፣ በሜትር ኩብ እየተሰላ ነበር። ብዙ ያመጣ ብዙ ያገኛል ማለት ነው፤ ታዲያ ጥራጊው እንዲያንስ ማን ይደክማል?

መኪናው የሚሄደው ወደ ቆሼ ነው። የቦታው የቀድሞ ስም ረጲ ነው፤ «ቆሼ» የሚለውን ስም ያወጣለት ሕዝቡ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ፣ 36 ሔክታር ገደማ ስፋት ያለው ሥፍራ ነው። ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው እንጂ እርሱ ወደ ከተማ አልመጣም። በክምሩ ላይ ብረት፣ ፕላስቲክና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ፤ በጥጉም የጭቃና የላስቲክ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ከዚያ አካባቢ የሚመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ ስለ ሽታው ብጠይቀው፣ «የሚሸታችሁ እናንተን ነው፤ እኛ ለምደነዋል» አለኝ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደና በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ።

የጥራጊ ክምር ለምን ይናዳል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ክምሩ እንደ አፈር ኮረብታ እርስ በርሱ የተያያዘ አይደለም። የአትክልትና የምግብ ትራፊ ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ መጠኑ ይቀንሳል፤ ባዶ ቦታም ይፈጠራል። ዝናቡ በላይ ይገባና የሚወጣበት ቦይ ስለሌለው ክምሩን ያከብደዋል፤ በየንብርብሩ መካከልም እንደ ቅባት ሆኖ ያንሸራትተዋል። አየር በማይገባበት ጥልቀት ደግሞ ሚቴን የሚባለው ጋዝ ይከማቻል፤ እርሱም እሳት ያስነሣል። በዚህ ሁሉ ላይ አዲስ ጥራጊ በየቀኑ ከላይ ሲደፋበትና ጎኑ ገደል ሲሆን፣ አንድ ቀን የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል።

ከተማው ይህን አደጋ ፈጽሞ ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም። ከአደጋው በፊት በፈረንሳይ የልማት ተቋም የገንዘብ ድጋፍ፣ በኦሮሚያ ክልል በሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ የጥራጊ መቅበሪያ ተሠርቶ ነበር። ዘመናዊ መቅበሪያ ማለት የጉድጓዱ ወለል ፍሳሽ በማያሳልፍ ነገር ተነጥፎ፣ ጥቁሩ ፍሳሽ በቧንቧ ተሰብስቦ፣ የየዕለቱ ጥራጊ በአፈር እየተሸፈነ የሚቀበርበት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው አስጨነቀን፣ ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው መንገዱን ዘጉ። በዚያ ክረምት የአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ዳራቸው በጥራጊ ተሞላ፤ በመጨረሻም መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። አደጋው የደረሰው ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ነው።

በዚህ ነገር ገበሬዎቹን የሚወቅስ ሰው ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልወቅሳቸውም። የከተማ ሰው የራሱን ጉድፍ በሌላው ደጅ ሲደፋ፣ የደጁ ባለቤት ዝም ይበል ማለት ፍርድ አይደለም። አዲስ አበባ ዙሪያዋን በኦሮሚያ ክልል የተከበበች ስለሆነች፣ አዲስ መቅበሪያ በፈለገች ቁጥር ከጎረቤት ጋር መነጋገር አለባት። ስለዚህ ነገሩ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የዳኝነትና የስምምነት ሥራም ነው። ጉድጓዱ በሚገባ ቢቈፈርም፣ መሬቱን ለሰጠው ገበሬ ካሣው፣ የልጁ ሥራና የንጹሕ ውሃው ነገር አስቀድሞ ካልተቈረጠ ጉድጓዱ ባዶውን ይቀራል።

ከአደጋው በኋላ ሁለት ነገሮች ተደርገዋል። አንደኛው በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት እርዳታ ክምሩን የማረጋጋት ሥራ ነው። ዘዴው የተገኘው ፉኩኦካ ከምትባለው የጃፓን ከተማ ስለሆነ በስሟ ይጠራል። ሰፋ ሰፋ ያሉ ቧንቧዎች ከክምሩ ሥር ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነርሱ ይወጣል፣ አየርም በዚያው መንገድ ይገባል። አየር ሲገባ ትራፊው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሚቴኑም ይቀንሳል። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ስለሆነ ለእንደኛ ያለ አገር የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለተኛው እዚያው ረጲ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው ፋብሪካ ነው። በምረቃው ጊዜ በቀን 1,400 ቶን ያህል ጥራጊ ሊያቃጥል እንደሚችል ተነግሮለት ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ መሬትም ያተርፋል። ነገር ግን የፊዚክስ መምህራችን ያስተማሩንን ማስታወስ ያሻል፤ እርጥብ ነገር ከመቃጠሉ በፊት ውስጡ ያለው ውሃ ተኖ ማለቅ አለበት፤ ለዚያም ብዙ ሙቀት ይባክናል። የአውሮፓ ከተሞች ጥራጊ ወረቀትና ማሸጊያ ይበዛበታል። የእኛ ደግሞ ጎመን፣ ድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና የጫት ገረባ ነው።

ይህን በዓይኔ ለማረጋገጥ ብዬ በቤታችን የአንድ ሳምንት ጥራጊ በሦስት ማዳበሪያ ለየሁ፤ የምግብና የአትክልት ትራፊውን በአንዱ፣ ፕላስቲክና ብረቱን በሌላው፣ የቀረውን በሦስተኛው። በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያው ከሁለቱ ተደምረው ከበደ። እናቴ በመጀመሪያ ሣቀችብኝ፤ በኋላ ግን ልጣጩን ራሷ እያመጣች ትጨምርልኝ ነበር። ቅዳሜ ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ሦስቱንም አስረከብኋቸው። ፕላስቲኩን ለሽያጭ በጎን አስቀመጡት፤ ሁለቱን ግን በአንድ ጋሪ ላይ ደፏቸው። «እትዬ፣ ለይቼላችሁ ነበር እኮ» ብላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ ገንዳው ግን አንድ ነው» አሉኝ።

የሴትዮዋ መልስ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ አስረድቶኛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተ ሰቦች ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ጥራጊ እንዲለዩ አዝዞ ነበር። ሕጉ መልካም ነው። ሁለተኛ ገንዳ፣ ሁለተኛ መኪናና ልጣጩን ወደ ፍግ የሚለውጥ ሥፍራ ከሌለ ግን ትእዛዙ በወረቀት ላይ ይቀራል። ይልቁንም ሳይታዘዝ የሚለየው ቆራሌው ነው። እርሱ በየደጁ እየጮኸ የገዛው ቆርቆሮና ጠርሙስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያም የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ፣ አሮጌ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ማዘጋጃ ቤት አንድ ሳንቲም አያወጣም። ቆራሌው የማይገዛው ልጣጩን ብቻ ነው፤ ፋብሪካውን የሚያስቸግረውና በክምሩ ውስጥ ጋዝ የሚሆነውም ይኸው ልጣጭ ነው።

እንግዲህ በእኔ ግምት ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት በዚህ ላይ ነው። የአትክልት ተራዎች በብዛት ባሉበት ሥፍራ ለልጣጭ ብቻ የሚሆን ገንዳ ቢቀመጥ፣ ፍጉንም በከተማው ዳር ያሉ አትክልተኞች ቢገዙት፣ ወደ ረጲ የሚጓዘው ጭነት በጣም ይቀላል፤ ለፋብሪካውም የሚደርሰው ደረቁ ይሆናል። እኔ ለጊዜው ከቤታችን ጓሮ አንድ ክንድ ተኩል ጉድጓድ ቈፍሬ ልጣጩን በቅጠልና በአፈር እያፈራረቅሁ እጨምርበታለሁ። ሦስት ወር ሆኖታል፤ ከሥሩ ያለው ጠቁሮ ፈራርሷል፣ ሽታም የለውም። አባቴ ግን ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላዋል ብለው ስለ ጠረጠሩ፣ በላዩ አሮጌ ቆርቆሮ ልንጥልበት ነው።