የአገር በቀል ዛፍ ዘር እንዴት ይለቀማል? እንዴትስ ይቀመጣል?



እንደሚታወቀው ካኩማ ካምፕ ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማገዶና ከሰል ፈላጊው በዝቷል። ትልቅ ግራር ሲቆረጥ የምናጣው ጥላውን ብቻ አይደለም። ለዚህ ሙቀትና ድርቅ የተስማማ፣ በዘሩ የሚያወርሰው ጠባይም አብሮ ይጠፋል። እኛ ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም፤ ዛፉ ግን እዚሁ ለሚቀሩት ያስፈልጋል።

«አንድ ጥሩ ዛፍ መርጠን ከሱ ብቻ ብንለቅምስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። አይሆንም። ከአንድ ዛፍ የተገኙ ችግኞች ወንድማማች ናቸው። አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ሊጥል ይችላል፤ አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉም ዘራቸው ይደክማል። ስለዚህ ቢቻል ከ30 ከማያንሱ ዛፎች፣ በመካከላቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት ጠብቀን፣ ከእያንዳንዱ እኩል እንለቅማለን። ከበሰለው ፍሬም ከአምስት እጅ ከአንዱ በላይ አንወስድም።

ከሁሉ በፊት ግን ማስፈቀድ አለ። ቱርካናዎች ኤዎይ የሚሉት ግራር በወንዝ ዳር ባለቤት አለው። ኤክዋር በሚባለው ሥርዓታቸው ቤተሰቡ የራሱ ድርሻ አለው፤ ፍሬው በደረቅ ወራት የፍየሎቻቸው ቀለብ ነው። እኛ እንግዶች ነንና ባለቤቱን ሳናነጋግር አንዲት ፍሬ አንንካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ፍሬው ሲበስል ከዛፉ ላይ ይለቀም። መሬት ላይ በቆየ ቁጥር ነቀዝ ይበዛበታል።

2ኛ/ ዘሩን ፈልፍለን የተበሳውንና የጨረጨሰውን እንጥላለን።

3ኛ/ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ እናደርቀዋለን። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት ዘር ከደረቅ ጨው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከተን እንነቀንቅ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ዘሩ ገና እርጥብ ነው።

4ኛ/ የደረቀውን ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ አድርገን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እናስቀምጣለን። የዛፉ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና ስንት ዛፍ እንደተለቀመ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይግባ።

ማድረቁ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? የዘር ባለሙያዎች ግምት እንዲህ ይላል፦ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲወርድ፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። የጂን ባንኮች ለረጅም ዘመን የሚያቆዩትን ዘር አድርቀው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። እኛ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ባይኖረንም ማድረቁ ግን አያቅተንም።

ሁሉም ዘር አንድ አይደለም። የዶቅማ ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ እንደተለቀመ መዘራት አለበት። የግራር ዘር በተቃራኒው ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለዓመታት ይቆያል። ልንዘራው ስንል ቅርፊቱን በጥፍር መቁረጫ ነካ አድርገን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ እንዘፍዝፈው።

በየዓመቱ ከጠርሙሱ 20 ዘር አውጥተን፣ ቅርፊቱን ነክተን፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ እናብቅል። ከ10 በታች ከበቀለ አዲስ ዘር መልቀሚያችን ደርሷል ማለት ነው። ይህን ሥራ የየትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ቢይዘው ደስ ይለናል።